በጉም የተሸፈነ መጽሐፍ

«ስታር ዋርስ» የሚባለውን ፊልም ጨርሶ ያልሰማ እጁን ያውጣ ብል ከኅብረታችሁ ብዙ እጅ እንደማይወጣ እገምታለሁ። ፊልሙን ያላየ እንኳ ጥቁር ጭምብል አጥልቆ እንደ ወናፍ የሚተነፍሰውን ዳርዝ ቬደርን በአንድ ቲሸርት ወይም በአንድ ስልክ ላይ ሳያየው አይቀርም። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ፊልሙ አይደለም። ከፊልሙ ጎን ስለ ተጻፈ ልብ ወለድ ነው። ርእሱ «ስፕሊንተር ኦፍ ዘ ማይንድስ አይ» ይባላል፤ ወደ እኛ ሲመለስ «የአእምሮ ዓይን ስንጣሪ» እንደ ማለት ነው። የጻፈው አሜሪካዊው አለን ዲን ፎስተር ሲሆን፣ የታተመው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የፊልሙን ታሪክ ራሱን በመጽሐፍ መልክ ያቀረበ ልብ ወለድ ወጥቶ ነበር፤ በዚያ ዓለም ውስጥ አዲስ ታሪክ ይዞ የመጣ የመጀመሪያው ሙሉ ልብ ወለድ ግን ይህ ነው።

አዲስ አበባ ከአንድ የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ እጅ ስገዛው እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ጨርሼ ስዘጋው ደግሞ እንዲያ ቅር ብሎኝ መጽሐፍ ዘግቼ አላውቅም። «ካልወደድኸው ለምን ትጽፍልናለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ታገሡኝ፤ ይህ ያልወደድሁት መጽሐፍ ከወደድኋቸው ከብዙዎቹ ይልቅ አሳስቦኛል።

በመጀመሪያ ስለ ደስታዬ። ታሪኩ የሚፈጸመው ሚምባን በምትባል፣ ጉምና ጭቃ በማይለያት ፕላኔት ላይ ነው። እኔ ደግሞ የቀየት ልጅ ነኝ። ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ ደጋ የመጣችሁ አንባቢዎች «ጉምን ለእኛ ልታስተምር ነው?» ትሉኛላችሁ፤ እናንተ ይህን አንቀጽ እለፉት። ለቆላ ልጆች ግን ልንገራቸው። ጉም ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠፋው ሩቁ ነው። ተራራው ይሄዳል፣ ቀጥሎ የጎረቤት ቤት ይሄዳል፣ ቀጥሎ ከፊታችሁ የምትሄደው በግ ትሄዳለች። ድምፅ ግን አይጠፋም፤ እንዲያውም ይቀርባል። ማዶ ያለ ሰው ሲያስል አጠገባችሁ የቆመ ይመስላችኋል፤ አጠገባችሁ የቆመው በሬ ደግሞ ትንፋሹ ካልነካችሁ መኖሩን አታውቁም። በእረኝነቴ ዘመን አያቴ፣ «ጉም ከወረደብህ አትሩጥ። ተቀመጥና ተጣራ፤ የሚሰማህ አይጠፋም» ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን አልሰማኋቸውም። ገሳዬን ጥዬ ሮጥሁ። የቆምሁት አንድ ድንጋይ ከእግሬ ሥር አምልጦ ሲንከባለል ሰምቼ ነው፤ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም። ገደሉ አፋፍ ላይ ነበርሁ። እስኪገልጥ ድረስ እዚያው በአራት እግሬ ተንበርክኬ ቆየሁ። ሁለት በግ ጠፋብኝ፤ አንዷን ብቻ አገኘናት።

ጉም እንዲህ ነው። ሰውን ያሳውራል፣ ጆሮውን ያሾላል፣ በአጠገቡ ያለውን ሰው ዋጋ ያሳውቀዋል። እንግዲህ ጉም የሞላበት ፕላኔት ላይ ሁለት ወጣቶች ጠፉ የሚል መጽሐፍ እጄ ሲገባ ምን እንደጠበቅሁ መገመት ትችላላችሁ።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ፊልም ካለቀበት ጥቂት ቆይቶ ሉክ ስካይዎከርና ልዕልት ሌያ የአንድ ፕላኔት ሕዝብ ከዐማፅያኑ ጋር እንዲተባበር ለማግባባት ይጓዛሉ። መንገድ ላይ የሌያ መንኮራኩር ይበላሽና ሁለቱም ሚምባን ላይ ይወድቃሉ። ተለያይተው ነው የወደቁት። በጉሙ ውስጥ ይፈላለጉና ብዙ ገጽ ሳይሄድ ይገናኛሉ። ከዚያ የማዕድን ሠራተኞች ከተማ ያገኛሉ፣ ሃላ ከምትባል አሮጊት ጋር ይዋዋላሉ፣ ካይበር የተባለውንና ትልቅ ኃይል ያለውን ቀይ ክሪስታል ፍለጋ ወደ አንድ ጥንታዊ ቤተ ጣዖት ይጓዛሉ፣ ከምድር በታች ባለ ዋሻ ይሄዳሉ፣ በመጨረሻም ቬደር ይመጣባቸዋል።

ጉሙስ? ጉሙ አለ። በየገጹ አለ። ግን ሥራ የለውም። ማንንም ከማንም ቆርጦ አያስቀርም። በጉሙ ምክንያት ጠላቱን ወዳጅ፣ ወዳጁን ጠላት ብሎ የተሳሳተ ሰው ትዝ አይለኝም። እንደ ፎቶ ቤት መጋረጃ ከኋላ ተሰቅሏል፤ ሰዎቹ ከፊቱ ቆመው ይነጋገራሉ።

ለምን እንዲህ እንደሆነ የገባኝ የመጽሐፉን አጻጻፍ ታሪክ ሳውቅ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከልብ ወለዱ ይልቅ ይህኛው ታሪክ ይጥማል። የመጀመሪያው ፊልም በሜይ 1977 ከመውጣቱ በፊት ያተርፋል ብሎ የሚምል ሰው ብዙ አልነበረም። የፊልሙ ፈጣሪ ጆርጅ ሉካስ ራሱ ስጋት ነበረው። ስለዚህ ፎስተርን አንድ ነገር ጠየቀው፦ ፊልሙ ብዙ ገንዘብ ባያስገባ እንኳ በትንሽ ወጪ ሊቀረጽ የሚችል ተከታይ ታሪክ በመጽሐፍ ጻፍልኝ። የፊተኛው ፊልም አልባሳትና ዕቃዎች ተመልሰው እንዲያገለግሉ። ውድ የሆነ ነገር እንዳይኖርበት። ፎስተር መጀመሪያ ላይ በጠፈር ውጊያ የሚከፈት ታሪክ አስቦ ነበር፤ ይህ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል ተብሎ ወጣ። ተወዳጁ ኮንትሮባንዲስት ሃን ሶሎ በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ምክንያቱም ተዋናዩ ሃሪሰን ፎርድ ለቀጣይ ፊልም ገና አልፈረመም ነበር። ጉሙም የመጣው ከዚሁ ነው። ጉም ካለ ከበስተጀርባ ከተማ መሥራት አያስፈልግም፤ ዋሻ ካለ ሰማይ መሥራት አያስፈልግም።

ስኮርታ ታውቃላችሁ፤ መኪና ከኋላው ይዞት የሚዞረው ትርፍ ጎማ። ይህ መጽሐፍ ስኮርታ ነበር። ፊተኛው ጎማ ቢፈነዳ እንዲተካ ተዘጋጀ። ጎማው ግን አልፈነዳም፤ ፊልሙ ዓለምን አጥለቀለቀ፣ ሉካስም በርካሽ ፊልም መሥራት አላስፈለገውም። ስኮርታው በ1978 ብቻውን ወደ መጽሐፍ መደብር ተንከባለለ።

እዚህ ላይ ግን «ምስኪን፣ ገንዘብ ስላልነበራቸው ነው» ብላችሁ እንዳታዝኑ። በእጅ ያለው ነገር ትንሽ መሆኑ ብቻውን ሥራን አያበላሽም። በ2015 «ክረምስ» የተባለ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም እዚሁ አገራችን ተሠርቷል። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው፤ ዋናዎቹ ተዋንያን ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ናቸው። የዓለም ፍጻሜ ካለፈ በኋላ ስለሚኖሩ ሰዎች ይተርካል፤ ርዝመቱ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፣ ወጪውም ከሆሊውድ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ሰማይ ላይ የቆመች አሮጌ መንኮራኩር አለችበት፤ መሬቱ ግን የዳሎል መሬት ነው፣ የጨውና የድኝ መሬት። ሌላ ፕላኔት መሥራት አላስፈለጋቸውም፤ ያለንን መሬት በደንብ አዩት። የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ከበረ ዕቃ ሲያዝ ታያላችሁ፤ ዕቃው ርካሽ ነው፣ ሐሳቡ ግን ርካሽ አይደለም። ፊልሙ ሁላችሁንም ደስ ያሰኛል አልልም፤ እኔንም አንዳንድ ቦታ ግራ አጋብቶኛል። ሆኖም እዚያ ያለው ምድረ በዳ ሥራ ይሠራል። የፎስተር ጉም ግን አይሠራም። ጉሙ የተመረጠው ለሚሸፍነው ነገር ሲባል ብቻ ነው፤ ምን ሊያሳየን እንደሚችል የጠየቀ ሰው ያለ አይመስልም።

ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። በመጽሐፉ መጨረሻ በቤተ ጣዖቱ ውስጥ ከባድ ውጊያ ይደረጋል። ሌያ የብርሃኑን ሰይፍ ይዛ ከቬደር ጋር ትፋለማለች፤ ይህን ወድጄዋለሁ፣ ፊልሞቹ ይህን ዕድል አልሰጧትም። ክፉኛ ትቆስላለች። ሉክ ይተካትና የቬደርን ክንድ ይቆርጣል። ቬደር ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል። እስከዚህ ድረስ ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር። ከዚያስ? ክሪስታሉ ቁስላቸውን ሁሉ ይፈውሳል። ሌያ እንዳልቆሰለች ትነሣለች። ቬደርም እንዳልሞተ ሉክ ይሰማዋል። ስለ እነርሱ ሲሉ የወደቁ ሁለት ግዙፍ ጸጉራም ፍጥረታት፣ ሂንና ኪ፣ ነበሩ፤ የእነርሱ ሞት እውነተኛ ነው፣ ግን የሚያለቅስላቸው የለም ማለት ይቻላል። ዋናዎቹ ሰዎች እንደገቡ ወጡ። ሰውነታቸው ላይ ጠባሳ፣ ልባቸው ላይ ጸጸት አልቀረም። ቀጣዩ ፊልም ሲመጣ እንዳይበላሹበት ታጥበው ወደ ሣጥናቸው ተመለሱ።

ይህን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1980፣ ከወጣው ሁለተኛው ፊልም ጋር አስተያዩት። እዚያ የሚቆረጠው የሉክ እጅ ነው፤ ብረት ይተካለታል እንጂ አይመለስለትም። ወዳጁ ሃን ሶሎ በጠላት እጅ እንዳለ ፊልሙ ያልቃል። ሉክ የሚጠላው ሰው አባቱ መሆኑንም ይሰማል። ተመልካቹ ከሲኒማ ቤት የወጣው ከባድ ነገር ተሸክሞ ነው። በሁለቱም ሥራ እጅ ተቆርጧል። የአንዱን ግን እስከ ዛሬ ሰው ያስታውሰዋል፤ የሌላውን ከወዳጆቹ በቀር የሚያነሣው የለም።

አንዳንዶች በመጽሐፉ የሚስቁት በሌላ ነገር ነው። ሉክና ሌያ እዚህ እንደሚፈላለጉ ወጣቶች ይተያያሉ፤ በ1983 የወጣው ሦስተኛ ፊልም ደግሞ መንትያ ወንድምና እኅት አደረጋቸው። ይህንን በፎስተር ላይ አላሳብብም፤ ያልተነገረውን ከየት ያውቃል? የማሳብበት ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ በማዕድን ከተማው ውስጥ ማንነታቸውን ሲደብቁ ሌያ የሉክ አገልጋይ መስላ ትቀርባለች፣ እርሱም ለማስመሰል ሲል በጥፊ ይመታታል። በመጀመሪያው ፊልም ሊያድኗት የመጡትን ወንዶች ሳይቀር መሣሪያ ነጥቃ መንገድ ያወጣቻቸው ሴት ናት ይህች! መጽሐፉ ግን ነገሩን እንደ ቀልድ ያልፈዋል። እኔ አልሳቅሁም። እኅቶቼ ስታነቡት ምን እንደምትሉ መስማት እፈልጋለሁ።

ስለ ፎስተር ግን ፍርዴ እንዳይዛባ። ሰውየው ሰነፍ ጸሐፊ አይደለም። በ1976 መጨረሻ በሉካስ ስም የወጣውን የመጀመሪያውን ፊልም መጽሐፍ በእርግጥ የጻፈው እርሱ ነው፤ ስሙ ሽፋኑ ላይ ባለመኖሩ ቅር እንዳላለውም ተናግሯል፣ ታሪኩ የሉካስ ነው ብሎ። «ኤሊየን» የተባለውን ፊልምም ወደ መጽሐፍ የመለሰው እርሱ ነው። ዐረፍተ ነገሮቹ ይፈስሳሉ፤ ሥራውን በሰዓቱ የሚያስረክብ ጥሩ አናጺ ማለት ነው። ሉካስፊልምን ዲዝኒ በ2012 በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። በኖቬምበር 2020 ደግሞ ፎስተር ከአሜሪካ የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፍት ማኅበር ጋር ሆኖ፣ ከግዢው ወዲህ የእነዚህ መጻሕፍት የሽያጭ ድርሻ እንዳልተከፈለው ለሕዝብ አስታወቀ። የማኅበሩ ክርክር ማንም ገበሬ የሚገባው ነበር፦ መብቱን የገዛ ዕዳውንም ገዝቷል። መጽሐፉን አልወደድሁትም፤ ለጻፈበት ሊከፈለው እንደሚገባ ግን አልጠራጠርም። ሁለቱን ነገር ለይታችሁ ያዙልኝ።

መጽሐፉ ከንቱ እንዳልሆነም የታወቀው በቆይታ ነው። በ2014 ሉካስፊልም የቀድሞዎቹን ልብ ወለዶች ከዋናው ታሪክ አውጥቶ «አፈ ታሪክ» በሚል ስም ለብቻቸው አደረጋቸው። ሆኖም ሚምባን በ2018 በወጣው «ሶሎ» ፊልም ላይ እንደገና ብቅ አለች፤ ወታደሮች በጭቃዋ ሲዋጉ ይታያሉ። እዚያ ያለውን ጉም አይቼ ከእኛው ጋር አስተያየሁት። ትንሽ ይቀርበዋል።

አሁን ስለ ሃላ። ይህች አሮጊት የመጽሐፉ ብቸኛ ሕያው ሰው ናት። ፊልሙ ውስጥ የለችም፤ ፎስተር ራሱ የፈጠራት ናት። ከሉክና ከሌያ ጋር የምትገናኘው መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። «ኃይሉ» የሚሉት ረቂቅ ጉልበት በእጇ እንዳለ ትናገራለች፤ ትልቅ ባለቤቱ እንደሆነች ታስመስላለች። በእርግጥ ያላት ትንሽ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ያለች አነስተኛ ዕቃ ብታንቀሳቅስ ነው። ክሪስታሉን የምትፈልገው ያ ትንሹ እንዲበዛላት ነው። ታታልላለች፣ ደግሞም አትከዳም። ትጎመጃለች፣ ደግሞም ታፍራለች። ባነበብሁ ቁጥር አንዲት የማውቃት ሴት ትመስለኛለች፤ ማን እንደሆነች ግን አልናገርም፣ መንደሩ ጠባብ ነው።

ሃላ ለምን ነፍስ እንደዘራች ብዙ አሰብሁ። ፎስተር በእርሷ ላይ ሥልጣን ስለነበረው ነው። ሉክን መግደል አይችልም፣ ማሳደግም አይችልም፤ የሌላ ሰው ንብረት ነው። ሌያን ማጋባት አይችልም። ቬደርን መጨረስ አይችልም። ሃላን ግን ማንም አይጠይቀውም፤ ልትወድቅም ልትነሣም ትችላለች። እርሷ ስትናገር ምን እንደምትመርጥ አናውቅም። ሉክ ሲናገር ግን እናውቃለን።

ይህን ሁሉ የምላችሁ በስታር ዋርስ ዓለም ልብ ወለድ ትጽፋላችሁ ብዬ አይደለም። ነገር ግን ከመካከላችሁ ድራማ የማይጽፍ የወጣቶች ኅብረት አለ? እኛም ፍጻሜው በሚታወቅ፣ የእኛ ባልሆነ ታሪክ ውስጥ ገብተን ነው የምንጽፈው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ጠፋው ልጅ ድራማ ጻፍሁ። ታሪኩ አጭር ስለመሰለኝ ሩቅ አገር ላይ ወንበዴ ጨመርሁ፣ የሰይፍ ውጊያ ጨመርሁ፣ ልጁን ለሦስት ጊዜ ያህል ሞት አፋፍ አደረስሁት። አዳራሹ አዛጋ። ልጁ እንደሚመለስ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ያውቃል፤ በእኔ ወንበዴ ማን ይደነግጣል? ለካ እኔም የጻፍሁት የሚምባንን ጉም ነበር።

በዚያው ድራማ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ያለው ልጅ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ከእርሻ ሲመለስ የዘፈኑን ድምፅ ሰምቶ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀውን አገልጋይ ነው የሚሠራው። ልምምድ ላይ ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ ይህ አገልጋይ ታላቅየውን ይፈራዋል ወይስ ያዝንለታል?» መልስ አልነበረኝም። «እንደ መሰለህ አድርገው» አልሁት፤ ሌላ ሥራ ነበረብኝና። የፕሮግራሙ ቀን ልጁ ወጥቶ ቆመ። ተጠየቀ። ወዲያው አልመለሰም። አንዴ ወደ ግብዣው ቤት አየ፣ አንዴ ደክሞ ወደ መጣው ሰው አየ፣ ከዚያ እጁን አጣምሮ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ በጣም ቀስ ብሎ «ወንድምህ መጥቷል» አለ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ምሽት ሰው የታላቁን ወንድም ሕመም አየ። ከወንበዴዎቼ አንዱም ይህን አላደረገልኝም።

መጽሐፉ አሁን በኅብረታችን መደርደሪያ ላይ አለ፤ እንግሊዝኛው ቀላል ነው፣ መዝገበ ቃላት ያለው አይቸገርም። ሽፋኑን የሣለው ራልፍ ማኳሪ ነው፤ የቬደርን መልክ መጀመሪያ በወረቀት ላይ ያወጣው ሠዓሊ። ከውስጡ ይልቅ ሽፋኑ ላይ ብዙ ጉም አለ። ሃላ ያለችባቸውን ገጾች በእርሳስ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ። ሁሉን ለማንበብ ጊዜ የሌለው ከመጠጥ ቤቱ ይጀምር፣ ሃላ ባለችበት ሁሉ ይሂድ፣ ሌላውን ገልበጥ ገልበጥ ያድርገው። የሚመልሰው ሰው እርሳሱን እንዳያጠፋብኝ አደራ።